የአቶ ሰራዊት ግለ ሂስ በማንጎ ቤት

በአሶሳ ከተማ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ፣ ሥራውን መጥራት ደግሞ የማይቻል አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት አለ። ኃላፊው አቶ ሰራዊት ናቸው። ወንበራቸው ይሽከረከራል፤ እሳቸውም ለሕዝብ ሲሉ አብረውት ሲሽከረከሩ ይውላሉ። በዚያ ሳምንት ግን ወንበሩም እሳቸውም ቀጥ አሉ። ሐሙስ ግምገማ ነው፤ ግለ ሂሱ ያላማረለት ኃላፊ ወንበሩን ያስረክባል ተብሏል።

ስለዚህ ድክመታቸውን በትጋት አዘጋጁ። መስኮቱን አስዘግተው፣ ቬንትሌተሩን ለቀው፣ በቢሮው ኮምፒውተር ድምፃቸውን ቀረጹ። ሊያደምጡት ሲጫኑት ግን ጭጭ።

«አይናለም! ድክመቴ አይሰማም!»

«ምስጢር ነው ብለው መስኮቱን አስዘግተውኝ የለ እንዴ ጋሼ?» አለች ጸሐፊያቸው።

«እዚህ ውስጥ ነው የማይሰማው!»

ለነገሩ ድክመቱ በደንብ ይሰማ ነበር፤ እዚያ ባይሆንም። ባለፈው በዓል መሥሪያ ቤቱ ከአጥር ማዶ ካለው ከማህጁብ ማንጎ ጭማቂ ቤት ድምፅ ማጉያ ተውሶ ነበር። ኮምፒውተሩ ከማጉያው ጋር በብሉቱዝ ሲጣመር «ወደፊትም በራሴ ልገናኝ?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ሰራዊት የቀረበላቸውን ጥያቄ ሁሉ «እሺ» ብሎ የመሸኘት የረጅም ዘመን ልምድ ስላላቸው፣ «እሺ» አሉት። ማጉያው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ እሺታው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማህጁብ ጠዋት ማጉያውን ሲያበራ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ አጥር ዘልሎ ከማጉያው ጋር ይገናኛል። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ሳይለመን ለሕዝብ አገልግሎት የሰጠ የመጀመሪያው ሠራተኛ እሱ ነው።

ይህን ማንም ስላላወቀ ችግሩ በሥርዓት ተመረመረ። አቶ ሰራዊትና አይናለም ኮሚቴ ሆኑ። ኮሚቴው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ጠረጴዛውን ወደ ባምባሲ አቅጣጫ አዞረው። ኪቦርዱን ገልብጦ ሲመታው የከረመ ኦቾሎኒ ወደቀ።

«ይኸው ድምፄን አንቆት የኖረው!» አሉ አቶ ሰራዊት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ተጫኑ።

ጭጭ።

በማህጁብ ቤት ግን ማንጎ ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ደረቀ።

«ትልቁ ድክመቴ፣» አለ ማጉያው በአቶ ሰራዊት ድምፅ፣ «ለሕዝብ ስል ምሳ አለመብላቴ ነው። እዚህ ላይ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ሌላው ድክመቴ ጉቦ ሲሰጡኝ ክፉኛ መቆጣቴ ነው። እዚህ ላይ አይናለም ተነስታ ‹ጋሼ፣ ራስዎን እየጎዱ ነው› ብላ ታለቅሳለች።»

«ወላሂ፣ ምሳ ሳይበላ ነው እንዴ እንዲህ የወፈረ?» አለ ማህጁብ። «ይደገም!»

ተደገመ። አቶ ሰራዊት የጠፋ ድምፃቸውን ፍለጋ እስከ ሐሙስ ደጋገሙት። የባጃጅ ሾፌሮች በቃላቸው ያዙት። ከመንጌ ወርቅ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ይዘውት ተመለሱ፤ ዛሬም ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ፣ ጉሮሮው ላይ ሲደርሱ እኩል ይጠርጋሉ ይባላል።

ሐሙስ ገምጋሚው አቶ ቀጄላ መጡ። ሕዝብ ይሳተፍ ስለተባለ፣ ቅርብ የተገኘው ሕዝብ ከማንጎ ቤት ተጠራ። አቶ ሰራዊት ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ።

«ትልቁ ድክመቴ...»

«ለሕዝብ ስል ምሳ አለመብላቴ ነው!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። «እዚህ ላይ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ!» ጠረገም።

አቶ ሰራዊትን ላብ አጠመቃቸው። አይናለም ግራ ገብቷት ቀድማ አለቀሰች።

«ገና ነው እህቴ፣» አላት ማህጁብ፣ «ጉቦው ይቀራል።»

አቶ ቀጄላ መነጽራቸውን አወለቁ። አቶ ሰራዊት ወንበራቸውን በዓይናቸው ተሰናበቱት።

«እስከ ማንጎ ቤት የወረደ ግለ ሂስ!» አሉ አቶ ቀጄላ። «ሕዝብ የኃላፊውን ድክመት በቃሉ ያጠናበት ቦታ አይቼ አላውቅም!»

ተጨበጨበ። ወንበሩም ተረፈ።

ሕዝቡ ወደ ማንጎው ሲመለስ አቶ ቀጄላ የቢሮውን በር ዘግተው ወደ አቶ ሰራዊት ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ያቺን የምሳ ድክመት ለእኔም አውሰኝማ። የእኔ ግምገማ ሰኞ ነው።»

«በደስታ! እዚሁ ይለማመዷት፣ እንቅረጻት።»

አቶ ቀጄላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው፣ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጠርተው፣ ምሳ አለመብላታቸውን አምርረው ቀረጹ። ለማድመጥ ተጫኑት።

ጭጭ።

«ከፍ አድርገው እንጂ!» አሉ።

አቶ ሰራዊት እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። የቬንትሌተሩን ጩኸት አልፎ፣ ከአጥር ማዶ፣ ሕዝቡ ሁሉ እኩል ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።