ጠጅ ሐይቅ ውስጥ ያከረመው ሰውዬ

እግዜር ሰውን በየአገሩ ሲበትን ለያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ ሁሉን አዋቂ መድቦለታል። ሊፍቱ ይበላሻል፣ ሙቅ ውሃው ይቋረጣል፤ እሱ ግን ተበላሽቶም ተቋርጦም አያውቅም። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚሉት ሰፈር፣ ለኛ ቢልዲንግ የደረሰን ሊቀ ሊቃውንት ሽፈራው ነው።

ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ሐሜት ሰውየው በሌለበት ነው። እኔ ይሄንን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እሱም ሐሜት ከየት እንደመጣ ሃያ ደቂቃ አስረዳኝ።

ሥራው ዳውንታውን አንድ ኮንዶ ውስጥ ሴኩሪቲ ነው። ዴስክ ላይ ተቀምጦ ዩቱብ ሲያይ ይውላል፣ ያየውን ደግሞ ሆዱ ውስጥ አያሳድርም። «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ከጀመረ መላው አንድ ነው፤ ወንበር መፈለግ። አንድ ጊዜ ጉልበቴን አሞኝ አስተርጓሚ እንዲሆነኝ ብዬ ሐኪም ጋ ይዤው ብገባ፣ ሐኪሙን ስለ ጉልበት አስተምሮት ወጣ። እኔ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ማንም ሳይጠይቀኝ ቤቴ ገባሁ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ደግሞ ለግሪኩ ባለሱቅ ስለ ወይራ አስረድቶታል። ግሪኩ ዛሬ ከሩቅ ሲያየን መብራት ያጠፋል።

እንግዲህ ቢልዲንጉ ሁሉ የሱ ተማሪ ሲሆን አንዲት አልማር ያለችው የገዛ ልጁ ናት፣ የምሥራች። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ጥሩ ሥራ ያላት ልጅ ናት። አፉን ገና ሲከፍት ስልኳን ከፍ ታደርግና «ዳድ፣ አይ ካን ጉግል ኢት» ትለዋለች። ክፋት የላትም፤ የዚህ አገር ልጆች አመል ነው። እሱ ግን እንዲህ ስትለው ያዘጋጀውን ሁሉ መልሶ ይውጠዋል። ለዓለም የተረፈ ዕውቀት ለልጁ ሳይደርሳት ቀረ፤ ይቺ ነገር እንደምትቆረቁረው አውቃለሁ። እኔ ምን የማላውቀው አለ።

ታዲያ የምሥራች ልታገባ ሆነ። ሰርጉ ለሐምሌ ተቀጠረ፣ ወሩ ገና መስከረም ነበር። በዚያው ሰሞን ሽፈራው ቤቴ መጥቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጀመረኝ። ባልቲክ የሚሉት ባሕር ሥር የሰመጠ መርከብ ተገኝቷል አለኝ፤ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ የተኛ። ውስጡ ሻምፓኝ ነበረ፣ አልተበላሸም። አሁን ፈረንሳዩም ስፔኑም ወይኑን ሆን ብሎ ባሕር ያሰምጠዋል። ጨለማው፣ ብርዱ፣ ውሃው ቀስ አድርጎ ማወዛወዙ ያጣፍጠዋል አለ።

እኔ የቸኮልኩት ማን ቀድሞ እንደቀመሰው ለማወቅ ነበር። ጠላቂዎቹ ናቸው አለኝ። ከሰመጠ መርከብ ያወጣኸውን ነገር አፍህ ላይ ማስጠጋት ምን ዓይነት ልብ ነው? እውነቱን ልናገር፣ ወሬው ይዞኝ ሰነበተ። ዕቃ ሳጥብም ሳስበው እገኛለሁ። ጨለማና ብርድ የሚያጣፍጥ ከሆነ እኔ እዚህ አገር አሥራ ስምንት ክረምት ተኝቻለሁ፤ ምነው ታዲያ እኔን አላጣፈጠኝ?

እሱ ግን ቆርጦ ነበር የመጣው። ለሰርጉ የፋናዬን ጠጅ ከተማችን ዳር ያለው ሐይቅ ውስጥ ሊያስከርም ነው።

ፋናዬ ሚስቱ ናት። ጠጅ ስትጥል እጇ የተባረከ ነው፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ ከሱ ጋር ማን ቃል ይተርፈዋል። ያን ጊዜ ለመስቀል የጣለችው ጠጅ ነበራት። እሱ ኮንዶው ውስጥ ሀብታሞቹ ጠጥተው የጣሉትን የሻምፓኝ ጠርሙስ፣ ያንን ወፍራሙን፣ አሥራ ሁለት ሰብስቦ መጣ። ቡሽ ገዛ። የጧፍ ሰም አቅልጦ ሊያሽግ ድስቷን አነሳ።

«አልጠለለም» አለችው። «ጠጅ ገና ሳለ አፉ በጨርቅ ነው የሚታሰረው፣ ይተነፍሳል። ከደፈንክበት ይቆጣል።»

«ነገሩ እንዲህ ነው ፋኒ፣ ወይኑም ታሽጎ ነው የወረደው።»

«ወይኑ ሥራውን ጨርሶ ነው። ይሄ ገና እየሠራ ነው።»

እንዲጠብቅ ብትለምነው መጠበቅ አይቻልም አለ። ሐይቁ ዳር ጀልባ ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራው ጥሩነህ፣ የዕድራችን ልጅ፣ ቦታው ከታንክስጊቪንግ፣ ከፈረንጆቹ የምስጋና በዓል በኋላ እንደሚዘጋ ነግሮታል። ፋናዬ ድስቱን ለቀቀችለት። ሠላሳ ዓመት ጠጅ የጣለችን ሴት አንድ ዩቱብ አሸነፋት።

ሲያሰምጥ ሄጄ አይቻለሁ። እንዴት ይቀርብኛል። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ይታገላል። ይሄ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም፣ ጨው የለውም ብዬ ብነግረው፣ «እማማ ጸሐይ፣ ማዶው ይታይዎታል?» አለኝ። አይታየኝም አልኩት። «ማዶው ካልታየ ባሕር ነው» አለ። ለማንኛውም ብሎ ግን ሁለት ኪሎ ጨው ካልሲ ውስጥ ቋጥሮ ከጠርሙሶቹ ጎን አሰረ። ጠርሙሶቹ በወተት ሳጥን፣ ሳጥኑ በገመድ፣ ገመዱ በእንጨቱ ምሰሶ። ሲወርድ ሽፈራው ኮፍያውን አወለቀ። እኔም ሳላስበው አማተብኩ።

ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ ጥሩነህን ኮል ያደርገዋል። እንዴት ናቸው ይለዋል፣ ልጆቹን ሞግዚት ጋ እንደተወ ሰው። ጥሩነህም በረዶ እንጂ ሌላ አይታየኝም ጋሼ ይለዋል።

በረዶው ሲቀልጥ የምሥራች አባቷን ልታናግር መጣች። እኔ ፋናዬ ጋ ስኳር ልዋስ ገብቼ ነበር። ስኳር ነበረኝ፤ ልጅቷ በመስኮት ስትመጣ ስላየኋት ነው።

«ዳድ፣ ዋን ደይ» አለችው። «ለአንድ ቀን ብቻ ምንም ኤክስፕሌን አታድርግ። ለማንም። ለፕሪስቱም ለዲጄውም። ፕሊስ።»

እኔ ይቆጣል ብዬ ስኳሩን አቅፌ ስጠብቅ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «አንድ ነገር ብቻ» አላት። «የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንቺ ትጠጪዋለሽ።»

«ዲል» አለችው። ለሷ ጨዋታ ነው። እሱ ያቺን አንድ ብርጭቆ ለማየት ከመስከረም ጀምሮ እንደጠበቀ አላወቀችም። ያን ቀን እኔም ሳቄ ጠፋ።

በሐምሌ ጠርሙሶቹ ሲወጡ ማን ይመን። ትናንሽ ዛጎል እንደ ጥምጣም ለብሰው ወጡ፤ የሐይቁ ቀንድ አውጣ ይሁን ምን ይሁን፣ ተጣብቆ ነው ያደገው። ፋናዬ ልታጥባቸው ስትል እጇን ያዘ። የምሥራች አይታ፣ «ኦ ማይ ጋድ ዳድ፣ ሶ ኩል» ብላ ፎቶ አነሳቻቸው። ጠርሙሶቹ ፍሪጅ ገቡ፤ እሱ ያቺን አንዲት «ኩል» ሳምንት ሙሉ ይዟት ዞረ።

የሰርጉ ዕለት ሙቀቱ አያድርስ ነው። ጠርሙሶቹ ለፎቶ ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፣ የሰርጉ ሆል ማቀዝቀዣ ደግሞ ድምፅ እንጂ ብርድ የለውም። ፋናዬ አንዱን ጠርሙስ በጣቷ ነካች፣ እጇን ሰበሰበች፣ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ ምሰሶ ኋላ ሄዳ ቆመች።

ሽፈራው ቃሉን ጠበቀ። እንግዳው ሁሉ ይሄ ዛጎል ምንድነው እያለ ሲመጣ ግንባሩን ላብ እየደፈቀው በእጁ ወደ ምግቡ ያሳያቸዋል። እኔ ብቻ ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ቀን ድጋሚ አይገኝም።

ሰዓቱ ደረሰ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ሥርጉት፣ የሰው ድግስ ቀምሳ እንከን በማውጣት ኢስት ዮርክ ሰፈር በሙሉ የሚያውቃት፣ በስተቀኝ ተቀምጣለች። ሽፈራው ጠርሙሱን አነሳ፣ ሰሙን በቢላ ላጥ አደረገ። ቡሹን አልነካውም። ቡሹ በራሱ ተነስቶ ኮርኒሱን መታና ጠጁ ተከተለው። ወይዘሮ ሥርጉት ከሻሽ እስከ ጫማ ተጠመቀች። ገና አንድ ሰው ሳይነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁለተኛው ተኮሰ፣ ሦስተኛው፣ ከዚያማ ማን ቆጥሮ። ልጆቹ እየጮሁ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ፎቶ አንሺው ብቻ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ተኩሱ ሲበርድ የምሥራች ቬሏ ላይ ጠጅ እየተንጠባጠበ ትስቅ ነበር። ሳቋን ያዝ አድርጋ ወደ አባቷ ዞረች፣ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ ለምንድነው እንዲህ የሆነው?» አለችው።

እኔ እስከማውቀው ይሄ በዕድሜዋ አባቷን የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። እኔማ ወንበር ሳብኩ።

ሽፈራው ባዶ ጠርሙሱን አየ። ምሰሶው ጋ ሚስቱን አየ።

«አላውቅም ልጄ» አላት። «እናትሽን ጠይቂያት።»

ፋናዬ ከምሰሶው ወጣች። ብርዱ አስተኝቶት ነበር አለች፤ ሞቀውና ነቃ። ይኸው ነው። የምሥራችም ከጠርሙስ ሥር የቀረውን አተላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠፍጥፋ፣ «ዲል ኢዝ ዲል» ብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ፊቷ እንደ ሎሚ ተጨመደደ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ስለነበር አላያትም።

ከሰርጉ ስምንት ቀን በኋላ ፋናዬ ቤቴ መጣች። ሽፌ ዝም ብሏል አለችኝ። ተመስገን አትይም ወይ ብላት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሠላሳ ዓመት ዝም እንዲል ጸልያለሁ እማማ። ሲደርስልኝ አልወደድኩትም። ቲቪው ሲሳሳት እንኳ ያልፈዋል።»

እኔም ልቤ አልቻለም። ቢልዲንጉ ራሱ ጭር ብሎ ነበር፣ ሊፍት ውስጥ ማንም ማንንም አያቆምም። በማግስቱ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ከኋላው ባስ ፌርማታ ደረስኩ። ባሱ መጣና ለኔ ለአሮጊቷ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ዝቅ አለ።

«ሽፈራው» አልኩት፣ «ይሄ ባስ ሰው ሲያይ የሚንበረከከው በምንድነው?»

አውቀዋለሁ። አንድ ጃማይካዊ ሾፌር ስንት ዓመት ሆነው፣ በእጁ እያሳየ አስረድቶኛል።

«እንጃ እማማ። ሾፌሩን ይጠይቁት።»

«ሾፌሩ ደግሞ ምን ያውቃል» ብዬ ጎኑ ተቀመጥኩ።

አንድ ፌርማታ አለፈ። ሁለተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጠረገው። «አየር ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ቀጥሎ ከጎማው በላይ የአየር ከረጢት እንዳለ ነገረኝ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሁለት እጁ ተነስቷል፣ ፊታችን ያለው ልጅ የጆሮውን ስልክ ነቅሎ ዞሯል።

መውረጃዬ ፋርማሲው ጋ ነበር። ፋርማሲው መጣ፣ አለፈ። እኔም «ከዚያስ?» አልኩት።