የት ነው የምናወርደው?

ሰዳም ቀርከሃውን ከመሰንጠቁ በፊት በጥፍሩ ያንኳኳዋል። ድምፁ ካልጣመው ወደ ጎን ይወረውረዋል። ከጣመው በጉልበቱ ደግፎ ቢላውን ጫፉ ላይ ያሳርፋል፣ በዱላ አንዴ መታ ያደርገዋል፣ ከዚያ ቢላውን ወዲህና ወዲያ ጠምዘዝ እያደረገ እስከ ታች ይወርዳል። አንጓ አንጓውን ይልጋል። ውሃ ውስጥ ያደረውን ልጥ ያወጣና አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይጠመጥማል፣ ይስባል፣ ይቋጥራል። ልጡ በጥርሱ መሃል እያለም ያወራል። የሚያወራው ስለ ቀርከሃ አይደለም፤ ስለ መሪ ነው።

በዚህ አገር መሪ ያጣ ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ መሪ መዛኝ ያጣ ሰፈር ግን አላየሁም። የእናንተም ጋ አለ። ከእግር ኳስ አምበል እስከ ባጃጅ ተራ አስከባሪ ማንንም ሰው ሥልጣን በያዘ ማግስት ሚዛን ላይ ያወጣዋል። የአሶሳው ክቡር ሰዳም ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሚዛኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የት ነው የምናወርደው?»

ጥያቄው ሰዳም ካደገባት መንደር፣ ከመንጌ፣ የመጣ ነው። እዚያ የቤት ጣሪያ መሬት ላይ ይታሰርና ጎረቤት ሁሉ ከሥሩ ገብቶ ተሸክሞ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ያዛል። ሰዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎልማሶች ጋር ትከሻውን የሰጠ ቀን አዛዡ «አንሱ» ብሎ አስነሳቸውና በሩ በየት በኩል እንደሚዞር ባለቤቱን ሊጠይቅ ሄደ። ባለቤቱ ገበያ ነበር። «ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ» ይላል ሰዳም ትከሻውን እያሻሸ፣ «የት እንደምናወርድ ሳይነግረኝ አንሱ የሚለኝን ሰው አልከተልም።»

አንድ ጊዜ ስለ አመራር ሊያሠለጥን የመጣ እንግዳ ወጣቶች ከጥሩ መሪ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀን። አንዱ ራእይ አለ፣ ሌላዋ ቅንነት አለች፣ እኔም ሰዓት ማክበር አልኩ። ሰዳም እጁን አወጣ። «ሥልጠናው ሲያልቅስ የት ነው የምናወርደው?» ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ የሻይ ሰዓት መድረሱን አስታወሰ።

እኔ በያጅ ነኝ። ሰዳምና እኔ ቀርከሃና ብረት በአንድ ላይ በሚሠራ የወጣቶች ማህበር ውስጥ ነን። ዘንድሮ ሁለት ነገር በአንድ ቅዳሜ ገጠመን። ክብ የሥራ መጠለያችን ዝናብ ሳይጀምር ጣሪያ መልበስ ነበረበት፤ አለዚያ ለአልጋና ለወንበር የሰነጠቅነው ቀርከሃ ሜዳ ላይ ሊሻግት ነው። በዚያው ቀን ሰብሳቢ ልንመርጥ ነው።

ክቡር መዛኙ ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያውን እያሰረ እጩዎቹን መዘነ። ከባምባሲ የመጣው ጃለታ ንግግር አዋቂ ነው፤ «ድምፅ አለው፣ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው» ተባለለት። ኢንዓም ምንጣፍ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ሰዳም አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፤ ሲመዝንም እንደዚያው ነው። «ኢንዓም ሥራ ያውቃል፣ ግን ዝም ይላል። ዝም ካለ የት እንደምናወርድ ማን ይነግረናል?» እኔንም አልማረኝም። «ያ አኺ፣ ወንድሜ ታረቀኝ፣ ብረት ስትለካ ጎበዝ ነህ። ሰው ስትለካ ግን ታሳጥራለህ።» ከእጩነት ወጣሁ።

ማሰሪያው ሽቦ ይሁን ብዬ ለመንኩት፤ አሻፈረኝ አለ። ሽቦ ሲሳሳቱበት አይፈታም አለኝ። ጸሐይ እንዳይመታን ብሎም ጣሪያውን ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሁለት የማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር አሰረው። ሁላችንም አመሰገንነው።

ቅዳሜ ከጣሪያው ሥር ገባን። አዛዡ ጃለታ ነው። ሰዳም ከፊት ሆኖ ጥያቄውን ጠየቀ፤ ጃለታም እኔ ወደ በየድኳቸው የብረት ምሰሶዎች በኩራት አመለከተ። አነሳን። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ቆምን።

ወደ ምሰሶዎቹ የሚወስደው መንገድ በሁለቱ ማንጎዎች መሃል ነው፤ ጣሪያው ደግሞ በዚያ አያልፍም። ሰዳም የት እንደምናወርድ ሲያስብ በየት እንደምናልፍ አላሰበም።

ሰማዩ ጠቁሯል። ጃለታ ወጣት አይሸነፍም እያለ እንድንገፋ አዘዘ፤ ገፋን፤ አንድ ማገር ተንጣጣ።

«ኻላስ፣ በቃ» አለች ኢንዓም ከኋላ። «አውርዱ። እዚሁ።»

አወረድን። ሁሉም ሰዳምን ያየዋል። ሰዳም ማንጎውን ያየዋል። ኢንዓም ጥላውን ማን እንደመረጠ አልጠየቀችም። ጣሪያውን አንዴ ዞረችውና አጠገቡ ቆመች።

«ሰዳም፣ የትኛው ቋጠሮ ቢፈታ አይጎዳውም?»

ድምፁ ቀነሰ። «የታችኛው ቀለበት። እሱ ከተፈታ እንደ ጃንጥላ ይሰበሰባል።»

«በል ፍታ። እናንተ ደግሞ ያዙለት።»

በጥርሱም በጣቱም ፈታ። እንጨቶቹን ወደ ውስጥ ሰብስበን አሳለፍነው፣ ሰዳም ከማዶ መልሶ አሰረው፣ ተሸክመንም ምሰሶዎቹ ላይ አወጣነው። ሸራውን ከላይ ዘርግተን ቀርከሃውን ከሥሩ ስናስገባ ዝናቡ መጣ።

ምርጫው እዚያው ጣሪያው ሥር ሆነ። ሰዳም ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስህተቴን ሁላችሁም አይታችኋል። ኢንዓም ግን ስለ ስህተቴ አልጠየቀኝም፤ ስለ ቋጠሮው ጠየቀኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው እከተላለሁ።» ጃለታ ራሱ ሳቀና እጁን ለእሷ አወጣ።

ክቡር መዛኙ ከዚህ በኋላ ያርፋል ብላችሁ ካሰባችሁ አታውቁትም። ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢዋ ዘግይታ መጣች ብሎ መመዘን ጀመረ። «መዝነኝ» አለችው፣ «ግን ቢላውን ሳታስቀምጥ።» አሁን እየሰነጠቀ ይመዝናታል። እኔንም እንዲሁ። አንድ ቀን ዝም ካለኝ ሥራዬ ያማረ አይመስለኝም፤ እሱ ያመመው ነው የሚመስለኝ፣ ሄጄም አየዋለሁ።

ስለ እሱ ልጽፍ መሆኑን ስነግረው አልከፋውም። ለአንባቢ አንድ ነገር እንዳደርስለት ብቻ ለመነኝ፤ ልጡን ከጥርሱ አወጣና በእርጋታ ተናገረው።

«እኔ አንድ ቀን ከተመረጥኩ፣ መጥታችሁ በየት እንደምናልፍ ጠይቁኝ። አደራ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።»