አንቴና ለመምረጥ ስምንት ወር

አጥኚ ሰው አንድ ተራ ቀኑ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ቁጭ ብዬ አስልቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጣራ መውጣት፣ አንድ ጊዜ ተንሸራቶ መትረፍ፣ የደብተር አራት ገጽ፣ የቀዘቀዘ ምሳ፣ በየሃያ ደቂቃው ደግሞ አንድ «ቆይ፣ እስኪ ይጠና»። ይህ የእሱ ድርሻ ነው። አብሮት የሚኖር ሰው የሚከፍለው ለብቻው ይሰላል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኛ ሰፈሩ ክቡር አጥኚ ደግሞ ባለቤቴ ነው። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ነፍሱ ግን አማተር ሬዲዮ ላይ ናት። ለማያውቅ ሰው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ጤና አይደለም፤ «ድምፄ እንዴት ይደርሳል?» ነው።

ይህን ፍቅር ያወረሱት አባቱ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ሠራተኛ ሲሆኑ ከከተማው ማዶ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ ስልክ በማይደርስበት ቦታ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከኛ ጋር የሚያገናኛቸው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት የለኩትን የሳምንት ዝናብ የሚያነቡትም በእሱ ነው። የኛ አሮጌ አንቴና ግን ከዝገቱ ብዛት፣ አባባ ሲናገሩ የሚሰማን ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲጠበስ ነው።

ስለዚህ አዲስ አስፈለገ። ጣራ ላይ የሚተከል፣ በአንዱ ሞገድ ከአባባ፣ በሌላው ከከተማው የሬዲዮ ክበብ ጋር የሚያገናኝ ባለሁለት ባንድ አንቴና። ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ፤ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም። ለእኔ አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ክቡርነታቸውን ስምንት ወር ፈጀባቸው።

ረጅሙን ነፋስ ይሰብረዋል ብሎ ሠጋ። የወለል መወልወያዬን እንጨት ከመጋረጃው ዘንግ ጋር አስሮ ጣራ ላይ አቆመና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲወዛወዝ ተመለከተው። ወለሌ በእጅ ተወለወለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ተውሷት ጣራውን ሲለካ ብታየው፣ ቤቱን ሊሸጡ ነው ብላ ለሰፈሩ አዳረሰች፤ ሁለት ገዢ መጣ። አጥኚው አላፈረም። ሁለቱንም ጣራ አውጥቶ፣ ተራራው ከዚያ ጥርት ብሎ እንደሚታይ አስመሰከራቸው።

ሻጩማ ከሩቅ ሲያየው ጓዳ ይገባል። ሚስቱ የለም ስትል፣ አጥኚው ግድ የለም እጠብቀዋለሁ ይልና ደብተሩን ይከፍታል። ምጥ ይዞኝ ሆስፒታል የገባሁ ዕለት እንኳ፣ የሆስፒታሉ ጣራ ላይ ያለው አንቴና ምሰሶው ስንት ሜትር እንደሆነ አዋላጇን ጠየቃት።

«አባት፣ መጀመሪያ ልጁ ይምጣ፤ አንቴናው አይሸሽም» አለችው።

ልጁ ሳይጠና መጣ።

በዚህ መሐል አባባ በሹፌር እጅ ደብዳቤ ላኩ። የልጅ ልጃቸው ድምፁን ሳይሰሙት ጥርስ ሊያወጣ መሆኑን ገልጸው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ድምፃችን ካልደረሳቸው ሬዲዮውን ለትምህርት ቤቱ እንደሚሰጡት ጻፉ። «እኔ ቤት ዝም ብሎ ሲንጫጫ ከሚውል ልጆች ይማሩበት» ይላል መጨረሻው።

ባለቤቴ አንብቦ ቁጭ አለ። ይጠናም አላለ። በማግሥቱ መካከለኛውን ገዝቶ ከች አለ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

አንቴናው ተተከለ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ። አባባን ጠራ። ሽንኩርቱ አሁንም ይጠበሳል።

ጣራ ወጣ፣ ወረደ። ብሎኑን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ስምንት ወር የደከመበትን ውኃ ሲበላው ማየት ያሳዝናል፤ ምግብ እንኳ ሲቀርብለት ስለ ጨው አልጠየቀም።

እኔ ስለ ሞገድ የማውቀው የለም፤ ስለ ውኃ ግን አውቃለሁ። ቧንቧችን ጓሮ ነው። ቀጭኑ ጎማ ቤቱን ዞሮ ደጅ እስኪደርስ ውኃው መንጠባጠብ ይጀምራል። የአንቴናውን ኬብል በዓይኔ ተከተልኩት። እሱም ቀጭን ነው፤ ከመኝታ ቤታችን አናት ወርዶ፣ ቤቱን አርባ ሜትር ዞሮ፣ መጨረሻ ካለው ዕቃ ቤት ይገባል። ሬዲዮ ጸጥታ ይፈልጋል ተብሎ እዚያ ነው የተቀመጠው።

«አንተ፣ ሬዲዮው ለምን ወደ አንቴናው አይመጣም?» አልኩት።

ደብተሩን ገለጠ። የነፋስ ገጽ አለ፤ የዝገት ገጽ አለ፤ የመብረቅማ ስድስት ገጽ ነው። የሬዲዮው መቀመጫ ግን የትም አልተጻፈም። ኬብል ሲረዝም ድምፅ እንደሚጠጣ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ዕቃ ቤቱ ግን ሁልጊዜም እዚያው ስለነበር የሚጠና ነገር አልመሰለውም።

«ይሄንን አላጠናሁትም» አለ ቀስ ብሎ።

መኝታ ቤታችን ውስጥ የሕፃኑን አልጋ ገፋን። ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አስገባን። ኬብሉን ሦስት ጊዜ ለክቶ ስድስት ሜትር ላይ ቆረጠው። ከዚያ አባቱን ጠርቶ የመናገሪያውን ቁልፍ ለቀቀ።

«ሰማሁህ» አሉ አባባ። እዚያው ክፍል ውስጥ የቆሙ ያህል ነበር። «ማነው ከጀርባህ የሚያለቅሰው?»

«የልጅ ልጅዎ ነው፣ አባባ። አልጋውን ገፍተንበት ነው። ላስወጣው?»

«ተወው፣ ያልቅስ። በደንብ ይደርሳል።»

ባለቤቴ ጣራ ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ፤ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች እልል አለች። ሬዲዮው ከአባባ ቤት የትም አይሄድም።

እኔን ለማግባትም ሁለት ዓመት አጥንቶኛል። ያን ጊዜ እናቴ፣ ይሄ ሰው ጤና የለውም ትለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በሕይወቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ ያየኝ ሌላ ሰው የለም።

አንድ ነገር ለምኚልኝ ብሎኛል። ፈቃድና ሬዲዮ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሽማግሌ የሳምንቱን ዝናብ በሚሊሜትር ሲያነቡ ብትሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። ደርሶናል ማለት ብቻ አይበቃም። ከየት ሆናችሁ እንደሰማችሁ፣ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደደረሰ ንገሯቸው። ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው፤ ይጽፉታል።