በቅሎ የተጠላች ሰሞን

ሰው ገበያ ሲወጣ ዓይኑን ቤት ቆልፎበት ጆሮውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ፍጥረት ነው። ሌላው ሲገዛ ይገዛል፤ ሌላው ሲሸጥ ይሸጣል። ለምን ሲሉት «ሰው ሁሉ እኮ…» ይላል። ሰው ሁሉ ገደል ቢገባስ? ላስታ እንደሆን ገደል አላነሰውም።

ባሌ አያ ሞላ ግን ለመቃረን የተፈጠረ ነው። የጎረቤት ገንዘብ ተቀብሎ ከብት ይነግዳል፤ ትርፉን እኩል ይካፈላሉ። ብልባላ ገበያ ሲደርስ ሰው የከበበውን ከብት ዞር ብሎም አያይ። ማንም ያልጠየቃትን ከሲታ ከጥግ ይፈልግና ጥርሷን ገልጦ፣ ኮቴዋን አንስቶ፣ ብራና እንደያዘ መሪጌታ ይመረምራታል። «ይቺ ሣር እንጂ ጤና አላጣችም» ካለ ገዛ ማለት ነው።

መሬት ላራሹ ታውጆ ጌቶች የወረዱ ሰሞን ታዲያ በቅሎ ላይ የታየ ሁሉ ፊውዳል ተባለ። በቅሎ አባትሽ ማነው ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ትል ነበር፤ ያን ሰሞን አጎቷንም ሳትክድ አልቀረችም። ዋጋዋ ከአህያ በታች ወረደ። አያ ሞላ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎረቤት ለገብስ ዘር መግዣ አትርፍልን ብሎ የሰጠውን ገንዘብ ጠራርጎ በቅሎዎች ገዛበት!

መንደሩ ደጃችን ላይ ፈሰሰ። «አያ ሞላ፣ በቅሎ ወልዳ ልታተርፍልን ነው?» አሉት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርማ «የፊውዳል ርዝራዥ ቀላቢ» ብሎ በስብሰባ አነሳው። እኔስ መች ማርኩት! ጎረቤቶቻችን ዘር ካጡ ከነልጆቻቸው እኛው ቤት እንደሚከርሙ ነገርኩት። እሱ እቴ! «ጌታው ቢወርድ ተራራው አልወረደ» ብሎ ለበቅሎዎቹ ድርቆሹን ያቀርባል።

ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። ገበሬውን ሊያነቁ የመጡት ካድሬዎች መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተኛች። ተራራ ለተራራ የተበተነውን ሕዝብ በምን ወጥተው ያንቁት? በራችንን መጀመሪያ ያንኳኳው ማን መሰላችሁ? ሊቀመንበሩ! ያቺ ፊውዳል በአንድ ጀምበር ጓድ ሆነች። ካድሬ በበቅሎ ሲሄድ ያየ ሁሉ ደግሞ በቅሎ ካልገዛሁ አለ። ጎረቤትም የዘሩን ገንዘብ ከነትርፉ ተቀብሎ መረቀን።

አያ ሞላ ግን «አቆያቸው፣ ገና ይወደዳሉ» እየተባለ አንድ ሳያስቀር ሸጠ። ለእኔ ትሆናለች ያላትን ዳማዋን በቅሎ እንኳ፣ ላይዋ ላይ እንደተቀመጥኩ ተዋዋለባት! ዳገቱን በእግሬ እየወጣሁ እርግማኑን አወረድኩበት። «ሰው ሁሉ የወደደውን አላቆይም» አለኝ።

«እኔንስ ለምን አቆየኸኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

«የአንቺን ዋጋማ እስካሁን ከእኔ በቀር ማንም አላወቀው» አለ ቀስ ብሎ።

አንጀቴን በላው። ስድብ መሆኑ የገባኝ ማታ ካጎረስኩት በኋላ ነው።