ያስነጠሰው ፈረንጅ

ካሴት ከካሴት የሚያማርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ አገኘሁ። ልብስ ሰፊው አያልነህ የአንድ የፈረንጅ ሮክ ኮንሰርት ሁለት ካሴት ነበረው፤ አንዱ ኦሪጅናል፣ ሌላው ከተመልካቹ መሐል በድብቅ የተቀዳ። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ጆሮው ግን፣ አቤት ጆሮ!

«የድብቁ ይበልጣል፤ ሰው ሰው ይሸታል» ይላል። እውነቱን ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ፈረንጅ ያስነጥሳል፤ እቤቱ የተሰበሰብን ጎረቤቶችም ከአያልነህ እናት ጋር ባንድ ድምፅ «ይማርህ!» እንላለን። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ እንዴት ይጥማል!

አንድ እሑድ ለማወዳደር ኦሪጅናሉን ከፈተልን። ጊታሩ እንደ ማለዳ ጣና ጥርት ብሏል። ማስነጠሻው ሲደርስ አፋችንን ከፍተን ጠበቅን። ምንም የለም።

«ሰውየው የት ሄደ?» አሉ እናቱ።

«ካሴቱ እንዲጠራ ብለው አውጥተውታል፣ እማዬ።»

ሁላችንም በሩን አየን። የእማማ ታናሽ ልጅ ከቤት ተወስዶ የገባበት አልታወቀም ነበር።

«ባለበት ይማረው» አሉ እማማ።

«አሜን» አልን።

አያልነህ የድብቁን ካሴት መልሶ ከተተ። ፈረንጁ አስነጠሰ። እንደዚያ ቀን ጮኸን «ይማርህ!» ብለን አናውቅም።