ተነድፎ አልቋል

የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች በገንዘባቸው ቆጣቢ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ በቃል ግን በጣም ቆጣቢ ናቸው። አንዱ የሠራበትን ግስ ሌላው አንስቶ ይሠራበታል። ዱቄት ይነፋል፣ ጎማም ይነፋል። ጎመን ሻጯ ታስራለች፣ ፌሮ ሠራተኛው ያስራል፣ ፖሊስም ያስራል፤ ማታ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ “ዛሬ ብዙ አሰርክ?” መባባል ይችላሉ። ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም። እኔን ግን “ነደፈ” የሚባለው ቃል ሊገድለኝ ነበር።

እኔ ራሴ በሙያዬ ነዳፊ ነኝ። አዳማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የቤት ፕላን እነድፋለሁ። ከገበያው ጀርባ ደግሞ ጥጥ የሚነድፉ ሰዎች አሉ፤ ዘመን ተተኝቶበት ድንጋይ የሆነውን የፍራሽ ጥጥ በደጋን ጅማት እየመቱ እንደ ደመና ያሳብጡታል። ንብም ትነድፋለች፤ የእሷን ሙያ ማንም ያውቀዋል። ሦስታችንም ለየብቻችን በሰላም ስንኖር ቆይተን አንድ ማክሰኞ ቀን ተገናኘን።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ሌሊሴ ወሯ ገብቶ ቤት ነበረች። አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ማለቱን አይታ፣ እኔን ወደ ጥግ ጠርታ፣ ምንም ዓይነት ድንጋጤ እንዳይደርስባት አስጠንቅቃኛለች። ከዚያ ወዲህ በር እንኳ የምዘጋው በቀስታ ነው። ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ። ከኋላዋ ስመጣ አስቀድሜ እስላለሁ፤ በሳሌ ደንግጣ ታውቃለች።

አማቴ እማማ ጠጂቱ ደግሞ ለአራሷ ንጹሕ ማር ላምጣ ብለው ከሰኞ ጀምሮ ባቱ፣ ወንድማቸው ዘንድ ነበሩ። ወንድማቸው ኦቦ ገመዳ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐይቁን በሚያዩ ግራሮች ሥር ንብ ያነባሉ። እማማ ጠጂቱ ለእኔ አማት ብቻ አይደሉም። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የሌሊሴ ዘመዶች ሥራዬን ሰምተው “መስመር ማስመር ሥራ ነው?” ሲሉ፣ “ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ለእሷ ይሆናል” ብለው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ምሳ መብላት አለመብላቴን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም። በየቀኑ እየደወሉ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ይሉኛል፤ “አካም ቡልቴ፣ ልጄ፣ በልተሃል?”

እንግዲህ ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ከምሳ በፊት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። የሰውየው ድምፅ አፉ ላይ ጨርቅ የተወተፈበት ይመስል ታፍኗል። ከኋላው ደግሞ እዝዝ፣ እዝዝ የሚል ነገር ይሰማል።

“የእማማ ጠጂቱ ልጅ ባል ነህ?” አለኝ።

ነኝ አልኩት። መስመሩ ተቆራረጠ፤ ተመልሶ ሲመጣ፣ “…ማማ ጠጂቱ ተነድፎ አልቋል” ይላል።

“ምን አልክ?”

“ከጠዋት ጀምሮ ሲነደፍ ቆይቶ አሁን ገና ነው ያለቀው። በጣም አብጧል። ፀሐይ ላይ አስተኝተነዋል። ዝናብ ሳይመጣ መጥታችሁ አንሱልን። ቦታውን ታውቁታላችሁ አይደል?”

“እናውቀዋለን” አልኩ። በየትኛው አፌ እንዳልኩት እንጃ።

“አቡጀዲ ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ አልቆብናል” አለና ጠፋ።

እዚህ ላይ ሰዋስው የሚያውቅ አንባቢ ያስቆመኝ ይሆናል። እማማ ጠጂቱ የተከበሩ ሴት ናቸው፤ እንዴት “ተነድፎ አልቋል” ይባላሉ? ይህ ለእኔም ታይቶኝ ነበር። እኔ የሰዋስው ደካማ አይደለሁም። ግን አሰብኩት፤ እማማ በሕይወት ሳሉ “እሳቸው” ናቸው። አስከሬን ግን “እሱ” ነው። አስከሬኑ አብጧል፣ አስከሬኑ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። ያቺ አንዲት ፊደል እንደ ሐኪም ወረቀት አረጋገጠችልኝ። ከኋላ የነበረው እዝዝታስ? ንቦቹ ገና አልተበተኑም ማለት ነው።

ቁጥሩ ላይ መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። የእማማ ስልክ ዝግ ነው። ኦቦ ገመዳ ቀፎ ዘንድ ሲሆኑ ስልክ አይዙም። አጠገቤ የሚሠራው፣ እንዳለ የሚባለው ባልደረባዬ፣ “ተነድፎ አለቀ” እያልኩ ለራሴ ሳጉተመትም ሰምቶ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ።

“አለቀ? ጎሽ። የማን ነው?”

“የአማቴ” አልኩት።

“ለአማት ከሆነ እንግዲህ በነፃ ነው” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ዞረ። ፊቴን ሲያይ የእሱም ፊት ተለወጠ። ነገሩን ስነግረው ወንበሩን ስቦ መጣና ትከሻዬን ያዘ። ከዚያ ምክር ሰጠኝ፤ ለሌሊሴ ምንም እንዳልነግራት፣ መጀመሪያ ሄጄ በዓይኔ እንዳይ፣ ደግሞም የተባለውን ይዤ እንድሄድ። የተባለውን ያለው አቡጀዲውን ነው። ስሙን መጥራት አልፈለገም።

ለሌሊሴ ደውዬ ባቱ የሚለካ መሬት ስላለ ልሄድ ነው አልኳት። “እማዬን ካገኘሃት ሳምልኝ” አለችኝ።

ጨርቅ ተራ ደርሼ አቡጀዲ ስጠይቅ ባለሱቁ በደስታ፣ “ለፍራሽ ከሆነ ወፍራሙን ልቁረጥልህ” አለኝ። እንዲህ ያለ ልበ ደረቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ፊቴን አያይም? ስሱን ቁረጥልኝ አልኩት። “ስሱ እኮ ዓመትም አይቆይ” አለ። አይቆይ አልኩት። ቅር እያለው ቆረጠልኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ ነጩን ጥቅል ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ አዩትና ምንም ሳይጠይቁኝ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ቀጥለው ሾፌሩን ዘፈኑን እንዲዘጋ አዘዙት። ሞጆ ላይ ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ በእኔ ሐዘን ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ የማስበው ነገር ሁሉ ትናንሽ ነው። ሌሊሴ ጎን ማን ያድራል? ልጁን መጀመሪያ ማን ያቅፋል? ነገ ጠዋት ስልኬ ዝም ሲል ምን እሆናለሁ? መቂን ስናልፍ እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ “አይዞህ፣ ልጄ” አሉኝ፤ ያው ድምፅ፣ ያው “ልጄ”። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም።

ባቱ ወርጄ በባጃጅ ግራሮቹ ዘንድ ደረስኩ። ገና ስገባ ያየሁት ኦቦ ገመዳን ነው፤ ነጭ ቱታቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን በመረብ ሸፍነው፣ የተከፈተ ቀፎ ላይ ጭስ ያጨሳሉ። ሐዘንተኛ አይመስሉም። ዓይኔን ሳዞር ደግሞ እማማ ጠጂቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማር ከባልዲ ወደ ጀሪካን ይገለብጣሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አላለኝም። ሞተዋል ብዬ መንገድ ሙሉ ያለቀስኩላቸው ሴት ቀና ብለው ሲያዩኝ ደሜ ቀጥ አለ። እሳቸው ፈገግ ብለው ነበር። ፈገግታቸው ግን ከፊቴ ወደ እጄ ሲወርድ፣ ነጩን ጥቅል ሲያይ፣ ጠፋ። ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ወሯ የገባ ልጅ አዳማ ትተው የመጡ እናት፣ አማቻቸው ሳይጠሩት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የመግነዝ ጨርቅ ታቅፎ ሲመጣ ምን ያስባሉ?

“ልጄስ?” አሉ። ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል።

“ደህና ናት።”

“አትዋሸኝ።”

“ደህና ናት፣ እማማ። ሳምልኝ ብላኛለች።”

“ታዲያ ያ አቡጀዲ ለማን ነው?”

ብልህ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ይፈጥር ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከእውነት ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረኝም።

“ለእርስዎ” አልኳቸው።

እማማ ጠጂቱ ደረታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ዘንበል ሲሉ ኦቦ ገመዳ ቀፎውን እንደተከፈተ ትተው እየሮጡ መጡ። እህታቸውን ደግፈው ውኃ እያጠጡ፣ ምን እንዳመጣኝ ጠየቁኝ። እኔም እማማ በንብ ተነድፈው አረፉ ተብዬ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ኦቦ ገመዳ መረቡን ከፊታቸው ገለጡ። የእህታቸውን ሞት ትተው የያዙት ሌላ ነገር ነው።

“በማን ንብ? በእኔ ንብ?”

“እንደዚያ ነው የተባልኩት።”

“የእኔ ንቦች ሰው አይነድፉም” አሉኝ፤ በጣም ተቀይመዋል። “ጠባያቸውን አገር ያውቀዋል።”

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ አንዷ የላይኛው ከንፈሬ ላይ አረፈች። ሌላዋ ከዓይኔ ሥር። ከዚያ በኋላ የትኛዋ የት እንዳረፈች አላውቅም፤ አቡጀዲውን ተከናንቤ ወደ ሐይቁ ስሮጥ ብቻ ትዝ ይለኛል። ኦቦ ገመዳ ከኋላዬ፣ “አትሩጥ፣ ደንግጠው ነው” ይሉኛል። በእውነት ያን ቀን ያልደነገጠ ፍጥረት አልነበረም።

ንቦቹ ከተመለሱ በኋላ እማማ ግራር ሥር አስቀምጠውኝ መንደፊያውን በጥፍራቸው አንድ በአንድ ነቀሉልኝ። ማን እንደደወለልኝ ጠየቁኝ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ራሳቸው ደወሉ። ለእኔ ያልተነሳው ስልክ ለእሳቸው ወዲያው ተነሳ።

“እማማ፣ ሰው እልካለሁ ብለው የለም እንዴ?” አለ ያ የታፈነ ድምፅ። “ደመናው ከብዷል። ጥጡን ወደ ውስጥ ላስገባው?”

ሸምሱ ይባላል። ከገበያው ጀርባ ጥጥ ይነድፋል። ያለኝ “የእማማ ጠጂቱ ተነድፎ አልቋል” ነው፤ መጀመሪያዋን “የ” መስመሩ ቆርጦ አስቀርቷታል። ብናኙ እንዳያፍነው አፉን በሻርፕ ጠምጥሞ ነው የሚሠራው፤ እዝዝ ይል የነበረው የደጋኑ ጅማት ነው፤ ደጋኑ ሲመታ ደግሞ ስልክ አይሰማም። እማማ የራሳቸውን የሠርግ ፍራሽ፣ አራስ ስትተኛበት ወገቧ ይጸናል ብለው፣ ለልጃቸው ሊያሳድሱ ሰጥተውት ነው ባቱ የሄዱት። ሌሊሴ ልሸከም እንዳትል የእኔን ቁጥር ሰጡት። ስልካቸውን ቻርጅ ማድረግ እንደረሱ ያወቁትም አሁን ነው።

ስልኩን ዘጉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጭቃ የነካውን አቡጀዲ ከትከሻዬ ላይ አንስተው አራገፉና፣ “ለእኔ ነው እንዲህ ያለቀስከው?” አሉኝ። አዎ አልኩ፤ ወይም ለማለት ሞከርኩ፤ ከንፈሬ ያኔ የእኔ አልነበረም። ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አብረን ተመለስን። አዳማ ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መንገድ ሙሉ የተጨነቅሁት ለሌሊሴ ነው፤ አንዱ ዓይኔ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ከንፈሬ አገጬን ሸፍኗል፣ በዚህ ፊት ድንገት ብገባባት ምን ይውጠኛል? እማማን አስቀደምኩ። ከበሩ ውጭም ሳልኩ።

ሌሊሴ ሶፋው ላይ ሻይ ትጠጣ ነበር። አየችኝ፤ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከእኛ ሁሉ ያልደነገጠች እሷ ነበረች። እናቷ የሆነውን አንድ በአንድ ሲነግሯት በትዕግሥት አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

“እማዬ ጥጡን ለሸምሱ ስትሰጠው እኮ አብሬያት ነበርኩ” አለችኝ። “ምነው አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ?”

እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ልላት ሞከርኩ። የወጣው ድምፅ ግን አማርኛም ኦሮምኛም አልነበረም። ሌሊሴ ወደ እናቷ ዞራ፣ “ምን አለ?” አለቻቸው። እማማ ተረጎሙላት። ያኔ መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሳቀች፣ ከዚያም በድንገት ሳቋን አቁማ ሁለታችንን አየችን። ምጡ መጥቶ ነበር።

ልጃችን በሰላም ተወለደች፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አንባቢ ያለ ስጋት እንዲያነበው ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ከባጃጁ ስንወርድ ተረኛዋ ነርስ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በሩጫ መጣች። ፊታችንን አንድ ጊዜ አየችና፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ክንዴን ይዛ እኔን አስቀመጠችኝ። እኔ አይደለሁም ልላት ሞከርኩ፤ “አትናገር፣ ያብስብሃል” አለችኝ። እየተገፋሁ ስገባ ሚስቴ ምጧን ይዛ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ በእግሯ ከኋላዬ ትከተላለች። ምጡ ፋታ በሰጣት ቁጥርም ነርሷን፣ “ቀስ አድርገሽ ግፊው፣ እንዳይደነግጥ” ትላት ነበር።