ባዶ ቦታ የማይወዱት ኡስታዝ ረምዚ

ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ኡስታዝ ረምዚን አያውቃቸውም። ሥራ የፈለገ ሰው ግን ስማቸውና ክራቫታቸው ይለያይ እንጂ አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆሟል። ሲቪውን በሁለት እጁ አቅርቧል፤ እሳቸውም ሳያዩት ተቀብለው ከመሳቢያቸው ቅጽ አውጥተው ሰጥተውታል። ቅጹ ምን ይጠይቃል? ሲቪው ላይ ያለውን። ታዲያ ሲቪው ለምን አስፈለገ? ከቅጹ ጋር ለማያያዝ። ከዚህ በላይ የጠየቀ ሰው ሥራ አግኝቶ አያውቅም።

የእኛው ኡስታዝ ረምዚ እስክንድርያ ውስጥ፣ ሙሐረም ቤይ ሰፈር፣ የአንድ ማካሮኒ ፋብሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ናቸው። «ኡስታዝ» የተባሉት ቁርኣን ስላስተማሩ አይደለም፤ በዚህ ከተማ ክራቫት አስሮ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሁሉ ኡስታዝ ነው። ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩሎ የሚጠብቀው ሥራ ፈላጊ ግን ማዕረጉን ከፍ አድርጎ «ሊቀ ቅጻቅጽ» ይላቸዋል። እርግጥ እሳቸው ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ነው።

ቅጻቸው አራት ገጽ ነው፤ በእጅ፣ በሰማያዊ ቀለም ይሞላል። በጥቁር የጻፈ ይመለሳል። የሰረዘ ይመለሳል። ከመስመሩ የወጣማ ሁለተኛ ቅጽ የሚሰጠው በሐዘን ዓይን ታይቶ ነው። ትርፍ ጊዜን በምን እንደሚያሳልፉ የሚጠይቅ ቦታም አለው፤ አንድ ምስኪን ሹፌር «ሥራ በመፈለግ» ብሎ ቢሞላ «ይሄ መዝናኛ አይደለም» ብለው መለሱት። ሰውየው ተመልሶ «ዋና» ብሎ ጻፈ። ዋና አይችልም። ግን ቦታው ሞላ፣ እሳቸውም ደስ አላቸው። «እኔ ባዶ ቦታ አልቀበልም» ይላሉ፤ ይህችን ሲናገሩ ጥሩ ሾርባ እንደቀመሰ ሰው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ።

ራውያ ይህን ሁሉ ያወቀችው ከሳምንት በላይ እዚያ ኮሪደር ላይ ስለከረመች ነው። የምግብ ምርመራ ባለሙያ ናት። ትሠራበት የነበረው ቤተ ሙከራ ተዘግቶ ወራት አልፈዋል፤ የማካሮኒ ፋብሪካው ደግሞ ዱቄት የሚመረምርለት አንድ ሰው ፈልጓል። ይህ ሥራ ካልሆነ ምን እንደሚከተል ወንድሟ ዓወድ ከደመንሁር ደውሎ ቁርጡን ነግሯታል።

«ተይው በቃ፣ ከተማው አልሆነሽም» አላት። «ዓርብ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ጠብቂኝ። ሱቁ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ምን ጎደለብሽ?»

ሱቁ የዶሮ መኖ ነው የሚሸጠው። ዓወድ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይወዳታል። ግን ወንድሟ ቤት የገባች ላጤ እህት ከዚያ ቤት የምትወጣው ወይ በሠርግ ወይ በቃሬዛ እንደሆነ ራውያ በአክስቷ አይታዋለች። የኪራይ ክፍሏን፣ በራፏን በገዛ ቁልፏ መክፈቷን፣ ማታ ማንም «የት ነበርሽ?» ሳይላት መግባቷን ለዶሮ መኖ መለወጥ አልፈለገችም። ስለዚህ ሲቪዋን አሳምራ አሳተመችና ለኡስታዝ ረምዚ አቀረበች።

ቅጹን ሰጧት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ኡስታዝ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ሲቪዬ ላይ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«አንብበውታል?»

«ለምን ብዬ አነበዋለሁ? ቅጹ ላይ ትጽፊልኝ የለም እንዴ?»

ጻፈች። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷን ርእሰ መምህር ስም ሳይቀር ጻፈች። በማግስቱ ተመለሰላት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የውትድርና አገልግሎት» የሚል ቦታ ባዶ ነበር፤ ውትድርና በዚህ አገር የወንድ ሁሉ ግዴታ ነው።

«ኡስታዝ፣ እኔ ሴት ነኝ» አለች ራውያ።

«አይቻለሁ። ጾታሽን ገጽ አንድ ላይ ሞልተሻል፣ አላህ ይባርክሽ። ይሄ ግን ገጽ ሦስት ነው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ? ሴት አትዘምትም።»

«ሦስት ምርጫ አለ፤ ፈጽሜያለሁ፣ ተራዝሞልኛል፣ ነፃ ተደርጌያለሁ። እውነቱን ምረጪ።»

ራውያ አስባ አስባ «ነፃ ተደርጌያለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ኡስታዝ ረምዚ መነጽራቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ነፃ የተደረግሽበት ማስረጃ?»

አትሳቁ። የምልመላ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ጉዳይዋን ሰምቶ ጓደኞቹን ጠራ፣ እንደገና እንድትነግራቸው ለመናት፣ ከዚያ ሁሉም ተሰብስበው «በርቺ፣ አንድ ጀኔራል ጎድሎናል» አሏት። እንባዋ እየመጣ ተመለሰች። በመጨረሻ ያዳናት የልደት ምስክር ወረቀቷ ነው፤ ኡስታዝ ረምዚ «ሴት» የሚለውን ቃል በጣታቸው ተከትለው አነበቡና «ይኸው፣ ማስረጃ አለሽ እኮ! ለምን ታደክሚናለሽ?» አሏት። ያን ዕለት ራውያ ክራቫታቸውን ይዛ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ብታዞራቸው ምን ይሰማት እንደነበር እያሰበች ነው የተኛችው።

የከፋው ግን ማረጋገጫ የሚሉት ነገር ነው። ቅጹ ሲሞላ ኡስታዝ ረምዚ በሩን ከፍተው፣ ቢሯቸው ይሞቃልና፣ እያንዳንዱን መልስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ አመልካቹ «ልክ ነው» ማለት አለበት። ሌላው ይሁን። የእናት ስም ግን አለ። በዚህ አገር ወንድ ልጅ የእናቱንና የእህቱን ስም በባዳ ፊት አይጠራም፤ የልጅነት ጓደኛው እንኳ የሠርግ ጥሪ ላይ ካላነበበ አያውቀውም። በዩሚ የሚባል ዕቃ ጫኝ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው፣ ተራው ሲደርስ ጆሯቸው ድረስ ሄዶ በሹክሹክታ ለመናቸው። እሳቸው ግን «ዘኑባ አብዱልመውላ! ልክ ነው?» አሉ፣ ለፋብሪካው ሁሉ እስኪሰማ። ኮሪደሩ በሙሉ በጨዋነት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። በዩሚ ጢሙን በእጁ ሸፍኖ «ልክ ነው» አለ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ራውያ ለማረጋገጫ ኡስታዝ ረምዚ ፊት ተቀምጣ ሳለ፣ አንድ ወጣት ሳያንኳኳ ገባ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ሽቶው ቀድሞት ነው የገባው። ሃይሰም ይባላል፣ የፋብሪካው ባለቤት የሐጅ ሙተወሊ የእህት ልጅ ነው። የተማረው አስጎብኚነት ነው፤ የመጣው ለዱቄት ምርመራው ቦታ ነው።

«ኡስታዝ፣ አጎቴ ደውሎልዎታል መሰለኝ።»

«ደውለዋል፣ ደውለዋል። እንኳን ደህና መጣህ።»

ራውያ ነገሩ ገባት። ኮሪደሩ ላይ ያሉትም ገባቸው፤ በዩሚ እንኳ «አይ እህቴ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስልክ ከተደወለ አለቀ። አባቶቻችንም የሚያውቁት፣ ልጆቻችንም የሚማሩት ሌላ መንገድ የለም። ራውያ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።

ኡስታዝ ረምዚ መሳቢያቸውን ከፈቱ። «ይኸው ቅጹ» አሉ።

ሃይሰም ሳቀ። ከዚያ እንደማይቀልዱ ገባውና እየተነጫነጨ ተቀምጦ ያገኘውን ሞላ። ኡስታዝ ረምዚ ተቀብለው በጣታቸው ወረዱበት።

«የእናት ስም ባዶ ነው።»

«እሱን አልጽፍም። ሊጮሁበት አይደል?»

«አልጮህም፣ አረጋግጣለሁ።»

«ሰውዬ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?»

«ገና አላውቅም፣ ቅጹ አላለቀም።»

ሃይሰም ፊቱ ቀላ። ስልኩን አውጥቶ አጎቱ ጋ ደወለ፣ ሁለት ቃል ተናገረና ለኡስታዝ ረምዚ ሰጣቸው። ኡስታዝ ረምዚ ብድግ ብለው ቆሙ፤ ኮታቸውንም ቆለፉ፣ ሐጅ ሙተወሊ በስልክ የሚያዩዋቸው ይመስል።

«አቤት ሐጅ። እሺ ሐጅ። በደስታ ሐጅ።»

የባለቤቱ ድምፅ ከስልኩ ተርፎ ራውያ ጋ ይሰማል፤ «አንተው ሙላለትና ገላግለኝ!»

«እሺ ሐጅ፣ እኔው እሞላለታለሁ።» ተቀመጡ፣ ሰማያዊ እስክሪብቷቸውን አነሱ፣ ቅጹን አቃኑ። «የእህትዎ ስም ማን ነው ሐጅ? ከነአያት።»

ስልኩ ውስጥ «ጠቅ» አለ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሻይ የያዘ ሰው ሻዩን እንደያዘ ቀረ።

«ሐጅ?» አሉ ኡስታዝ ረምዚ። ጥቂት ጠብቀው ስልኩን ለሃይሰም መለሱለት። «መስመሩ ተቋረጠ። ኔትዎርኩ መጥፎ ነው።»

ሃይሰም ስልኩን ነጥቆ፣ በዚህ የእብድ ቤት ዳግመኛ እግሩን እንደማያሳርፍ ምሎ ወጣ። እንግዲህ እዚህ ላይ ኡስታዝ ረምዚን ጀግና የሚያደርግ ሰው ይኖራል። አይሳሳት። ሐጅ ሙተወሊ ሲያስሉ የሚደነግጡ ሰው ናቸው። ድፍረት አልነበረም፣ ተንኮልም አልነበረም፣ ለደሃ ማዘንም አልነበረም። ባዶ ቦታ አይተው ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሐጁ ጸሐፊ ማዳም ሱሄር ከላይ ፎቅ ወረደች። ራውያን በዓይኗ ጠርታ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«ሰውየው ሆን ብሎ ነው ሐጁን ያዋረደው ይባላል» አለች በለሆሳስ። «አንቺ ፊቱ ተቀምጠሽ ነበር። ሆን ብሎ ነው ካልሽ ሐጁ ዛሬውኑ ያሰናብተዋል። ያንቺን ነገር ደግሞ እኔ አስጨርስልሻለሁ። እንደ ሴት ለሴት።»

ራውያ በተከፈተው በር አየቻቸው። ኡስታዝ ረምዚ የሃይሰምን ግማሽ ቅጽ ይዘው፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። ወታደሮቹ ትዝ አሏት፣ ሳቃቸው ትዝ አላት። ነገ ዓርብ ነው። አንድ «አዎ» ብቻ ነው የሚፈለገው፣ እሱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እነሆ ደግሞ ሥራውን በአቋራጭ የምታገኘው እሷ ልትሆን ነው። ራሷን ጠላችው።

«አላዋረዳቸውም» አለች። «በትሕትና ነው የጠየቃቸው።»

«አስቢበት እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ነው የከረምኩት። ያ ሰው ሆን ብሎ ሰው ማዋረድ ቢችል እኔን ነበር የሚያዋርደኝ። አይችልበትም። ባዶ ሲያይ ይጠይቃል። ለሐጁም እንደዚያው፣ ለኔም እንደዚያው።»

ማዳም ሱሄር ከእግር እስከ ራሷ አይታት ወደ ፎቅ ተመለሰች። ራውያ አሁን በእርግጥ እንዳለቀላት ገባት። ዕቃ መጠቅለያ ካርቶን ከየት እንደምታገኝ ማሰብ ጀመረች።

ግን ሐጅ ሙተወሊ ነገሩን አልገፉትም። ክስ ከተነሣ ምስክር ይጠራል፣ ምስክር ሁሉ ደግሞ «የእህትዎ ስም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይልቅ በሩን ዘግተው ተቀመጡ፣ ስለዚያ ቦታም ማንም እንዳያነሣባቸው አዘዙ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዱቄት ተከምሮባቸው ሲጨነቁ ወርደው «ቅጹን ሞልቶ የጨረሰ ማን አለ?» ብለው ጠየቁ። ለዚያ ቦታ ካመለከቱት የጨረሰች አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ገጽ ሦስት ላይ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል።

«ወይዘሪት ራውያ» አሉ ኡስታዝ ረምዚ አመሻሹ ላይ። «እሑድ ጠዋት ትጀምሪያለሽ።» ወዲያው መሳቢያቸውን ከፍተው ሌላ ቅጽ አወጡ። የተቀጣሪ ቅጽ ነው። አራት ገጽ፤ ያው ጥያቄ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ራውያ በአንድ ጊዜ ልታንቃቸውም ግንባራቸውን ልትስማቸውም አማራት፤ ሁለቱንም ትታ ሰማያዊ እስክሪብቶዋን አወጣች።

ወደ ክፍሏ ስትሄድ መንገድ ላይ ዓወድ ጋ ደወለች። «ነገ አትምጣ፣ ሥራ ገባሁ» አለችው።

እዚህ አገር «እንኳን ደስ አለሽ» ኋላ ነው የሚባለው። «በማን በኩል?» አለ ዓወድ።

«በኡስታዝ ረምዚ።»

«ማን ናቸው? ምናችን ናቸው?»

«ምናችንም አይደሉም።»

«እንዴ! ምናችንም ያልሆነ ሰው እንዴት አድርጎ ያስገባሻል?»

«ምናችንም ስላልሆነ ነዋ» አለች ራውያ።